ከማይነር ሊግ እስከ ሜጀር ሊግ፦ ስለ ማሪያኖ ሪቬራ ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ልጁ ቤዝቦል የጀመረ ወላጅ ሲያገኘኝ አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ አያልፍም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼም በስልክ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገናኛል። አንድ ኳስ ወርዋሪ ከታች ተነስቶ ላይ የሚደርሰው እንዴት ነው? ዝም ብዬ ደንቡን ከምደረድር አንድ ሰው ይዤ ባስረዳ ይሻላል ብዬ ማሪያኖ ሪቬራን መረጥኩ። ከዓሣ ጀልባ ላይ ተነስቶ ኒውዮርክ ያንኪስ የገባ ፓናማዊ ነው። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማይነር ሊግ እንደ እኛ ከፍተኛ ሊግ ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛ በእግር ኳስ የለመድነው ክለቡ ሲያሸንፍ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ፣ ሲሸነፍ ደግሞ ሲወርድ ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል ክለብ አይወጣም፣ አይወርድም። የሚወጣውና የሚወርደው ተጫዋቹ ነው።

ሜጀር ሊግ ውስጥ 30 ክለቦች አሉ። እያንዳንዱ ክለብ ከሥሩ ልጆቹን የሚያሳድግባቸው ቡድኖች አሉት። ከታች ሩኪ የሚባለው ደረጃ አለ። ከዚያ ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እያለ ይወጣል። ከ2021 ወዲህ ከሩኪው በላይ ያሉት ቡድኖች 120 ናቸው፤ ለአንድ ክለብ አራት አራት ይደርሰዋል። አንድ የትሪፕል ኤ ቡድን ዋንጫ ቢበላም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ትሪፕል ኤ ነው። ተጫዋቹ ግን ዛሬ ማታ ትንሽ ከተማ ውስጥ ተጫውቶ፣ ስልክ ተደውሎለት፣ ነገ ኒውዮርክ ሊያድር ይችላል። ነገ ኒውዮርክ ያደረው ደግሞ በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ፒቸር ሥራው ምንድን ነው?

ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ሰው ነው። ሜዳው መሀል ካለች ትንሽ የአፈር ጉብታ ላይ ይቆማል። ከእሱ እስከ መቺው መቆሚያ 18.44 ሜትር ነው። ኳሷ 145 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ መካከለኛ ብርቱካን በሉት። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስትለቀቅ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀልባት ካቸር ይባላል።

ጨዋታው 9 ኢኒንግ አለው፤ ኢኒንግ ማለት ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር ነው። የሚጀምረው ወርዋሪ ስታርተር ነው። እሱ ሲደክም የሚተኩት ሪሊቨር ይባላሉ። ቡድኑ በጥቂት ነጥብ እየመራ መጨረሻ ላይ ገብቶ በሩን የሚዘጋው ደግሞ ክሎዘር ነው። መሪነቱን ጠብቆ ከጨረሰ ሴቭ ይመዘገብለታል። ሪቬራ 652 ሴቭ አለው። በሜጀር ሊግ ታሪክ ከእሱ በላይ ያለው የለም።

ሪቬራን ማን አገኘው?

ይህን ታሪክ ስናገር አልጠግብም፤ ረዘም ቢል ታገሱኝ።

ሪቬራ በ1969 ፓናማ ሲቲ ተወለደ። ያደገው ፑየርቶ ካይሚቶ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቱም ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ልጆቹ የሚጫወቱት ውሃው ሲሸሽ ባሕሩ ዳር ነው። ጓንታቸው የወተት ካርቶን ነው። መምቻቸው የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ኳሷን የሚሠሩት የተበጣጠሰ የዓሣ መረብ ጠቅልለው በፕላስተር እየጠመጠሙ ነው። የካልሲ ኳስ እየሠራ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስረጂ አያሻውም። አባቱ የቆዳ ጓንት የገዙለት 12 ዓመት ሲሆነው ነው። ያኔም ቢሆን ልቡ እግር ኳስ ጋ ነበር። የሚያመልከው ተጫዋች ፔሌ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ እየተጎዳ ሲያስቸግረው ነው እግር ኳሱን የተወው።

ትምህርቱን በ16 ዓመቱ አቋረጠ። ከዚያ የአባቱ ጀልባ ላይ ሰርዲን ማጥመድ ጀመረ። በ19 ዓመቱ ጀልባዋ ተገልብጣ በሕይወት የተረፈው ጥሏት ወጥቶ ነው። ባሕሩ የእኔ እንጀራ አይደለም ያለው ያኔ ነው።

ጎን ለጎን ፓናማ ኦዌስቴ ለሚባል አማተር ቡድን ይጫወታል። ወርዋሪ ግን አልነበረም። ሾርትስቶፕ ነበር፤ የተመታችውን ኳስ ከሚቀልቡት አንዱ ማለት ነው። በ1988 የያንኪስ መልማይ ኸርብ ሬይቦርን አየውና አለፈው። በዓመቱ አንድ ቀን የቡድኑ ወርዋሪ ክፉኛ ተመታ። ሪቬራ "እኔ ልሞክር" አለና ጉብታዋ ላይ ወጣ። ማንም አሠልጥኖት አያውቅም። ያን ቀን በደንብ ስለወረወረ የቡድን ጓደኞቹ ለያንኪስ ሰዎች ነገሩለት። ሬይቦርን ያለፈውን ልጅ ወርዋሪ ሆኖ ሲያገኘው ተገረመ። ልጁ 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ ቀጭን። ኳሷ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር አታልፍም። ግን ክንዱ ሳይታገል ይወጣል። ሬይቦርን ያቺን ልስላሴ አይቶ አስፈረመው።

ቀኑ የካቲት አጋማሽ 1990 ነው። ሪቬራ 20 ዓመቱ ነበር። ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ ብዙ ልጆች የሚፈርሙት በ16 እና በ17 ዓመታቸው ስለሆነ እሱ የዘገየ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ነበር?

ወደ ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ሲሄድ አውሮፕላን ሲሳፈር የመጀመሪያው ነው። እንግሊዝኛ አይችልም። ቤታቸው ስልክ ስላልነበረ ናፍቆቱን የሚወጣው በደብዳቤ ነበር። ከሀገሩ ወጥቶ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ ቋንቋ ያሳለፈ ሰው እዚህ ጋ ቆም ማለቱ አይቀርም። እኔም ሁሌ እቆማለሁ።

ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። በሩኪ ደረጃ 52 ኢኒንግ ወረወረ። በዚያ ሁሉ ውስጥ በእሱ ላይ የተቆጠረው ነጥብ 1 ብቻ ነው። ወርዋሪ የሚለካው ኢአርኤ በሚባል ቁጥር ነው፤ በ9 ኢኒንግ ስንት ነጥብ አስገባ ማለት ነው። ከ3 በታች ከሆነ ጎበዝ ነው። የሪቬራ 0.17 ነበር። በሊጉ አንደኛ ለመባል የሚያስፈልገው ኢኒንግ ጥቂት ጎድሎት ስለነበር በመጨረሻው ቀን ስታርተር ሆኖ ገባ። 7 ኢኒንግ ሙሉ አንድም ሰው አልመታውም።

ታዲያ ለምን በዓመቱ ላይ አልወጣም?

ሩኪ ላይ ማብረቅረቅ ብዙ አያስተማምንም። መቺዎቹም ገና ልጆች ናቸው። ደረጃው አንድ ከፍ ሲል መቺው ታግሶ ይጠብቃል፣ የወርዋሪውን ስህተት ይቀጣል። ብዙ ወርዋሪ የሚቀረው ደብል ኤ ላይ ነው ይባላል፤ እኔም ይህን አምናለሁ።

ለሪቬራ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ነሐሴ 1992 ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የሠሩለት ዶክተር ፍራንክ ጆብ ናቸው። በ1974 የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላ እጁ በተወሰደ ጅማት የተኩት እኚሁ ሐኪም ናቸው። ያ ቀዶ ጥገና ዛሬ በተጫዋቹ ስም "ቶሚ ጆን" ይባላል፤ ለማገገም ከአንድ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ሪቬራ ጅማቱን መተካት ሳያስፈልገው ተረፈ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሁለት አዲስ ክለቦች በ1993 ለሚጀምሩት ውድድር እየተዘጋጁ ነበር፤ ኮሎራዶ ሮኪስና ፍሎሪዳ ማርሊንስ። ከነባሮቹ ክለቦች ተጫዋች የመውሰድ መብት ተሰጣቸው። እያንዳንዱ ክለብ የማይነኩ ልጆቹን ስም ያስመዘግባል። ያንኪስ የሪቬራን ስም አላስመዘገበም። ማንም በነፃ ሊወስደው ይችል ነበር ማለት ነው። ማንም አልወሰደውም። ያን ዝርዝር እያየ ያለፈው ሁሉ በኋላ ምን እንደተሰማው አስቡት።

በ1993 እንደገና ከታች ጀመረ። በ1994 በአንድ ዓመት ሦስት ደረጃ ወጣ፤ ታምፓ፣ ኦልባኒ፣ ከዚያ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ። ኮሎምበስ ትሪፕል ኤ ነው። ከዚያ በላይ የሚቀረው ኒውዮርክ ብቻ ነው።

ሜጀር ሊግ ሲገባ ወዲያው ተሳካለት?

አልተሳካለትም። ግንቦት 23፣ 1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኤንጀልስ ጋር ስታርተር ሆኖ ጀመረ። 25 ዓመቱ ነው። ከአራተኛው ኢኒንግ አላለፈም፤ 5 ነጥብ አስገባ። ያንኪስ 10 ለ 0 ተሸነፈ። አራት ጨዋታ ከጀመረ በኋላ ኢአርኤው 10.20 ነበር። ሰኔ ላይ ወደ ኮሎምበስ መለሱት። ኋላ የያንኪስ ኮከብ የሆነው ዴሪክ ጄተርም በዚያው ሰሞን አብሮት ወርዷል።

ወደ ታች መላክ ያበቃለት ምልክት ነው?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ መልሱ ሪቬራ ነው።

ኮሎምበስ ሲመለስ ትከሻው ታምሞ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል አረፈ። ሰኔ 26 ወረወረ። ዝናብ ጨዋታውን በአምስት ኢኒንግ እስኪያቋርጠው ድረስ አንድም ሰው አልመታውም። የሚገርመው ግን የፍጥነት መለኪያው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረች ኳስ 154 አሳየች። የያንኪስ ሥራ አስኪያጅ ጂን ማይክል ሪፖርቱ ሲደርሰው አላመነም። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል አለ። ሜዳው ላይ የነበረ የሌላ ክለብ መልማይ በራሱ መለኪያ ያየውን አጣራ። ቁጥሩ ያው ነው።

በዚያ ሰሞን ያንኪስ ከዲትሮይት ክለብ ዴቪድ ዌልስ የሚባል ወርዋሪ ለማምጣት ሪቬራን ለመስጠት እያሰበ ነበር። ማይክል ንግግሩን ዘጋው። ሪቬራ ራሱ ስለዚያ ፍጥነት ሲጠየቅ ከእግዚአብሔር ነው ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ሐምሌ 4 ኒውዮርክ ጠራችው። ከቺካጎ ኋይት ሶክስ ጋር 8 ኢኒንግ ወርውሮ ሁለት ጊዜ ብቻ ተመታ፤ 11 ሰው በስትራይክአውት፣ ማለትም ኳሷን ሳይመቱ፣ አሰናበተ። ያ ሁሉ ሆኖ እንኳን በ1996 መጀመሪያ ላይ ሊሸጡት ተነጋግረው ነበር፤ ከሲያትል ፌሊክስ ፈርሚን የሚባል ሾርትስቶፕ ለማምጣት። ደግነቱ ሳይሆን ቀረ። በዚያ ዓመት ከክሎዘሩ ከጆን ዌተላንድ በፊት እየገባ 130 ስትራይክአውት አስመዘገበ፤ ያንኪስም ዋንጫውን በላ። በ1997 ክሎዘርነቱ የእሱ ሆነ።

በደንቡም ቢሆን መውረድ የተለመደ ነው። ክለቡ የ40 ሰዎች ዝርዝር አለው፤ ከእነሱ 26ቱ ናቸው ላይ የሚጫወቱት። ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ወጣት ለሦስት የውድድር ዓመት ያህል ያለ ብዙ ጣጣ ወደ ታች ሊላክ ይችላል። ይህ ኦፕሽን ይባላል። ዛሬ በአንድ የውድድር ዓመት ከአምስት ጊዜ በላይ በዚህ መንገድ ማውረድ አይቻልም። አምስት ጊዜም ቢሆን ሻንጣ ማሰርና መፍታት ነው፤ ቤተሰብ ላለው ሰው ቀላል አይደለም።

ከተር የምትባለው ኳስ ምንድን ናት?

ሰኔ 1997 ነው። ሪቬራ ከጓደኛው ከራሚሮ ሜንዶሳ ጋር እየተቀባበለ ይሟሟቃል። ሜንዶሳ ኳሷ እየሸሸችበት ተቸገረ። ቀጥ ብላ ትመጣና ልትቀለብ ስትል ወደ ጎን ትሄዳለች። ሪቬራ ሆን ብዬ አይደለም አለ። ከአሠልጣኙ ጋር ሆነው ኳሷን ቀጥ ለማድረግ ሲታገሉ ሰነበቱ። እምቢ አለች። በመጨረሻ ይሁን ብለው ተዉት።

ከዚያ በኋላ 16 ዓመት ያህል አብዛኛውን ጊዜ ይህችኑ አንድ ኳስ ወረወረ። መቺው ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ቢያውቅም አይመታትም። በግራ ለሚመታ ሰው ኳሷ ወደ እጁ ትገባና ዱላውን ከእጀታው ትሰብረዋለች። በ2013 ሊሰናበት ሲዞር የሚኔሶታ ክለብ ከተሰባበሩ ዱላዎች የተሠራ የሚወዛወዝ ወንበር ሸልሞታል።

ማይነር ሊግ ላይ ምን ያህል ይከፈላል?

ትንሽ። ለረጅም ጊዜ በጣም አሳፋሪ ነበር ብል አላጋነንኩም። ውድድር በሌለበት ወቅት መጋዘን የሚሠሩ፣ አንድ ቤት ለስድስት የሚከራዩ ልጆች ብዙ ነበሩ። በ2022 ክለቦቹ ማደሪያ እንዲሰጡ ተደረገ። በ2023 ደግሞ የማይነር ሊግ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በማኅበር ተደራድረው ስምምነት ፈረሙ። ዝቅተኛው ክፍያ በሩኪ ደረጃ በዓመት 19,800 ዶላር፣ በትሪፕል ኤ 35,800 ዶላር ሆነ። በሜጀር ሊግ የ2026 ዝቅተኛው ክፍያ 780,000 ዶላር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ስልክ ጥሪ ነው።

ስንት ዓመት ይፈጃል?

ሪቬራ ከፈረመ እስከ ወጣ 5 ዓመት ከ3 ወር ፈጅቶበታል። ከዚያ ያጠረም የረዘመም አለ። ከሚፈርሙት አብዛኞቹ ጨርሶ አይደርሱም፤ ይህን ለልጅ መደበቅ ደግ አይመስለኝም።

ሪቬራ ተሸንፎ አያውቅም?

ያውቃል፤ ያውም ዓለም እያየው። ኅዳር 4፣ 2001 የዓለም ዋንጫቸው የሚባለው ወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ ነው፤ አሪዞና ውስጥ። ያንኪስ 2 ለ 1 እየመራ በስምንተኛው ኢኒንግ ኳሷን ለእሱ ሰጡት። በዘጠነኛው አንዷን ኳስ ቀልቦ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሲወረውር ሳተ። ከዚያ ሉዊስ ጎንዛሌዝ ዱላው እየተሰበረ ከሜዳ ውስጥ ተከላካዮቹ ራስ በላይ ትንሽ አሻገራት። ጨዋታው በ3 ለ 2 አለቀ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። የቡድን ጓደኛው ኤንሪኬ ዊልሰን ቢያሸንፉ ኖሮ ለድሉ ሰልፍ ኒውዮርክ ቆይቶ፣ ኅዳር 12 በበረራ ቁጥር 587 ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሄድ ነበር። ስለተሸነፉ ቀድሞ ሄደ። አውሮፕላኑ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ኩዊንስ ላይ ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 260 ሰዎች የተረፈ የለም። ሪቬራ ያን ጨዋታ በመሸነፋቸው ደስ እንደሚለው ተናግሯል፤ ጓደኛው በሕይወት አለና።

ልጄ ፒቸር መሆን ይፈልጋል፤ ምን ልጠንቀቅ?

ክርኑንና ትከሻውን። የሜጀር ሊግ መመሪያ በቀን ሊወረወር የሚችለውን ወስኗል። ለ9 እና 10 ዓመት ልጅ ቢበዛ 75፣ ለ11 እና 12 ዓመት 85፣ ለ13 እና 14 ዓመት 95 ነው። 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። በዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ወር ጨርሶ ባይወረውር ይመከራል። ሁለት ቡድን ውስጥ የሚጫወት ልጅ ካላችሁ ቆጠራውን የምትይዙት እናንተ ናችሁ፤ አንዱ አሠልጣኝ ሌላው ጋ ስንት እንደወረወረ አያይም። ልጁ "አመመኝ" ካለ ደግሞ ያን ቀን ጨዋታው አለቀ። ሌላ ስፖርትም ይጫወት። ሪቬራ ራሱ እግር ኳስ ተጫውቶ ያደገ፣ ወርዋሪ የሆነውም 19 ዓመት ሞልቶት ነው።

እንዴት ተሰናበተ?

በ42 ዓመቱ፣ ግንቦት 3 ቀን 2012፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከጨዋታ በፊት ኳስ ሊቀልብ ሲሮጥ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። አበቃ የተባለው ያኔ ነው። በ2013 ተመልሶ 44 ሴቭ ጨመረ። የሚለብሰው ቁጥር 42 ነው። በ1997 በዘመናዊው ሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ለነበረው ለጃኪ ሮቢንሰን ክብር በሁሉም ክለብ ሲታገድ፣ አስቀድመው የለበሱት እስኪያቆሙ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ የመጨረሻው ሪቬራ ሆነ። በ2019 ሆል ኦፍ ፌም ወደሚባለው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲገባ ድምፅ የሰጡት 425 ጋዜጠኞች 425ቱም መረጡት። ከእሱ በፊት ሙሉ ድምፅ ያገኘ ማንም አልነበረም።

የመጨረሻ ቀኑን ግን ልንገራችሁ። መስከረም 26፣ 2013 ነው፤ ያንኪ ስታዲየም። ያንኪስ እየተሸነፈ ነው። ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ሁለት ሰው ካወጣ በኋላ አንድ ሰው ከያንኪስ መቀመጫ ተነስቶ ሊያስወጣው ይመጣል። እንደ ደንቡ የሚመጣው አሠልጣኙ ነበር። የመጡት ግን የቡድን ጓደኞቹ አንዲ ፔቲትና ዴሪክ ጄተር ናቸው፤ ያ በ1995 አብሮት ወደ ኮሎምበስ የወረደው ጄተር። ሪቬራ መጀመሪያ ሲያያቸው ሳቀ። ኳሷን ለፔቲት ሰጠው። ከዚያ ፔቲት ትከሻ ላይ ራሱን ጥሎ አለቀሰ፤ ፔቲትም ይዞት ቆየ። ስታዲየሙ ቆሞ ያጨበጭባል። ሲረጋጋ ፊቱን ጠርጎ ወጣ።